ከኮቱ የጎደለው ቁልፍ

ናስር የደወለው ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው። እናቱ የጎንደር ሴት፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ እሱ ራሱ ኻርቱም ተወልዶ ያደገ ባለ ራክሻ ነው፤ እኛ ባጃጅ የምንላትን እዚህ እንዲያ ነው የሚሏት። አማርኛው በደህናው ቀን እንኳ መንገድ ላይ ይቆምበታል። ያን ቀን ጭራሹን ጠፋው።

«ገነት፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ… ጋሽ ይርዳው ኸላስ» አለኝ።

«ኸላስ ምን?»

«ኸላስ፣ አለቀ። ንጋት ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ። እኔ ነበርኩ አጠገቡ። ላንቺ መልእክት አለ። ኮቴን ገነት ትስፋ፣ ሳጥኑንም ትይልኝ አለ። ሳጥን የቱ እንደሆነ እኔ ማ ባሪፍ። አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ቀብሩ ከሰዓት ነው ኢንሻአላህ። ኮቱን ይዤ እመጣለሁ። ያላ፣ ተዘጋጂ።»

ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ፤ ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ሰው የሚታወቀው በሥራው ወይም በዘሩ ነው፤ እኔ ጋሽ ይርዳውን የማውቃቸው በአንድ ሳጥንና በአንድ ቁልፍ ነው። ሁለቱንም ካላወራሁ እሳቸውን ማውራት አልችልም።

የተዋወቅነው አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ነው። እሳቸው የበሩ ጋፊር፣ ማለትም ዘበኛ፣ እኔ ደግሞ ወጥ ቤት። መጀመሪያ ያየሁት ኮታቸውን ነው። ብርድ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ብቅ ብሎ በሚመለስበት ከተማ፣ ሰውየው ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። ቁልፎቹ የናስ ናቸው፤ ከባድ፣ ክብ፣ በየጠዋቱ በአመድ የሚወለወሉ።

«ይቀቀላሉ እኮ» ስላቸው፣

«ዘበኛ ያለ ኮት ራቁቱን ነው» ይሉኛል።

ሌላም አመል ነበራቸው። ከውጭ ስማቸው ሲጠራ በመጀመሪያው አይነሱም። አትክልት የሚያመጣው ሰውዬ «ያ ይርዳው» ብሎ ሲጮህ እያዩት፣ በበሩ ቀዳዳ ጫማው እየታየ፣ ዝም ይላሉ። ሁለተኛ ሲጠራ ነው የሚነሱት። አንድ ቀን ቲማቲሜ ፀሐይ ላይ ሲንጨረጨር ተናደድኩባቸው።

«አንዴ ማንም ይጠራል» አሉኝ ረጋ ብለው። «ነፋስም ይጠራል። የሌለም ይጠራል። ሰው ከሆነ ይደግመዋል።»

እኔ በባዶ ሜዳ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ጥላ የምፈራ፣ ሕልም የማስፈታ አይደለሁም፤ እናቴ ራሷ «ልብሽ ደረቅ ነው» ትለኝ ነበር። ግን ከእሳቸው ጋር ስውል ስውል፣ ስሜ ሲጠራ ሁለተኛውን መጠበቅ ጀመርኩ። እስከ ዛሬም እጠብቃለሁ።

የቤቱ ተከራይ ያኔ ማዳም ነበረች፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላት ፈረንጅ። ዓርብ ዓርብ ስልኳን ይዛ ትወጣና ጉልበቷ አፈር ለብሶ ትመለሳለች። ጋሽ ይርዳው መጀመሪያ የምትጸልይ መስሏቸው ነበር። በኋላ እሷው አስረዳችን። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ነው አለች። በዓለም ዙሪያ ሰዎች ትንንሽ ሳጥን ይደብቃሉ፤ ቦታውን ስልክ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ፈልጎ ያገኛል። ከሳጥኑ አንድ ነገር ከወሰደ አንድ ነገር ይተዋል። ሳጥኑ ተሰብሮ ካገኘው ይጠግነዋል። ከዚያ እንደነበረ መልሶ ይሄዳል።

«የትልልቅ ሰዎች ድብብቆሽ» አልኩ እኔ።

ጋሽ ይርዳው ግን አልሳቁም። «ማንና ማን እንደተጫወተ ሳይተያዩ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አለች። ብዙ አሰቡበት።

ማዳም ሥራዋ ተቀይሮ ከአገር ስትወጣ የቀረነው ሁሉ ለእንጀራችን ስንጨነቅ፣ እሳቸው የደበቀቻቸውን ሳጥኖች ወረሱ። አንዱ ባሕሪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ጋራዥ አጥር ሥር ነበር። አንዱ አርካዊት ሰፈር። ሦስተኛው እዚሁ ማንሺያ፣ ከድልድዩ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ላይ ባዘነበለ አሮጌ ኒም ዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ። «እየሄድክ እያቸው» ብላቸው ነበርና፣ እያዩ ኖሩ። አዲሶቹ ተከራዮች መጡ፣ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ። ጋሽ ይርዳው በየዓርቡ ሳጥን ያያሉ።

እኔን ይዘውኝ መሄድ የጀመሩት ለምክንያት ነው። ኻርቱም ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ድልድይ አጠገብ፣ የዛፍ ቀዳዳ የሚጎረጉር ሐበሻ ብዙ አይቆይም። «ብቻዬን ስሆን ሰላይ ነኝ» አሉኝ። «ካንቺ ጋር ስሆን አባትና ልጅ ነን። ነዪ እንጂ፣ ነፋስ ትቀበያለሽ።»

አባትና ልጅ መሆናችንም ሁሌ አላዳነንም። አንድ ዓርብ ሲቪል የለበሰ ሰው ሞተሩን አቁሞ ቁልቁል መጣ። «ያ ዙል፣ ደ ሺኑ?» አለ ሳጥኑን እያየ፤ ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው። እሳቸው ሳጥኑን ከፍተው የፕላስቲክ መኪና አወጡና «ለዒብ ሳይ፣ ያ ጀናቡ» አሉት። ጨዋታ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ሰውዬው መኪናዋን አገላብጦ አይቶ፣ ሳቀና ለልጁ ብሎ ኪሱ ከተታት። ሊሄድ ሲል ጋሽ ይርዳው ሳጥኑን ዘረጉለት። የወሰደ ይተዋል ብለው በዚያች ሰባራ ዓረብኛቸው አስረዱት። ኪሱን ደባበሰና ከረሜላ ጣለበት። ሞተሩ ከራቀ በኋላ ነው ሳጥኑን ወደ ጎድጓዳው የመለሱት።

ሳጥኑ ምግብ የሚቀመጥበት፣ ክዳኑ ሰማያዊ፣ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ነው። ከማውጣታቸው በፊት ግንዱን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ።

«ማን አለ ብለው ነው?»

«ማንም ከሌለስ ምን ጎደለብን?»

አይተው ሲጨርሱ ክዳኑ ላይ አንድ ለጋ የኒም ቅጠል ጀርባዋን ወደ ላይ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ጎድጓዳው ነፋስ አያስገባም፤ ቅጠሏ ከቦታዋ ከሌለች ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው፣ እኔና ሙሉቀን።

ሙሉቀን ልጃቸው ነው። በመተማ በኩል መጥቶ አርካዊት ከጎረምሶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ፣ ቀን ቀን ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ዓርብ ሲሆን ከእኛ ጋር ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስቆ እንኳ ድምፁ አይሰማም። አካሉ ኻርቱም ነበር፣ ልቡ ሊቢያ። አባቱ ለመኑት፣ ተቆጡት፣ አኮረፉት። አልሆነም።

በዚያን ጊዜ ስለዚያ መንገድ የማይሰማ ነገር አልነበረም። ከሚያሻግሩት ሰዎች አንዳንዶቹ መንገደኛውን በረሃ ላይ ያግቱታል። ኪሱ ውስጥ ወዳገኙት ስልክ ቁጥር ይደውሉና እየገረፉ ጩኸቱን ለቤተሰቡ ያሰሙታል። ስለዚህ ልጆቹ ሲነሱ ቁጥር አይዙም ነበር። የያዘ ካለ ጓደኞቹ ራሳቸው ቀድደው ይጥሉበታል። በቃል ያጠኑትስ? እሱንም ዱላ ያወጣዋል።

ሙሉቀን ሊሰናበት የመጣ ቀን ግቢው ውስጥ ነበርኩ፤ በሶ ቋጥሬለት ነበር። ጋሽ ይርዳው ስልካቸውን ከፈቱና ሲም ካርዱን አውጥተው ልጁ ፊት ለሁለት ሰበሩት።

«በል እንግዲህ» አሉ። «ቢገድሉህም የምትነግራቸው ቁጥር የለህም።»

እኔ ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ልጃቸውን ከዱላ ለማዳን ብለው፣ ልጃቸው ሊደርስባቸው የሚችልበትን ብቸኛ መንገድ በገዛ እጃቸው እንደሰበሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለእሳቸውም የገባቸው ቆይቶ ይመስለኛል።

ቀጥለው ምላጭ አነሱ። ከደረታቸው ላይ አንዱን የናስ ቁልፍ ያዙና ቆረጡ። እጃቸው ስላልረጋ ከቁልፉ ጋር ጥፍር የምታህል ጨርቅ አብራ ተቆርጣ መጣች፤ ኮቱ ላይ ቀዳዳ ቀረ።

«ዛፉን ታውቀዋለህ» አሉት። «ስትደርስ ይህን ወደዚህ ለሚመለስ ለሚታመን ሰው ስጠው። ቦታውን ንገረው። ሳጥኑ ውስጥ ይጣልልኝ፤ አየዋለሁ።»

«ቤት ለምን አያመጣውም?»

«ቤቱን ካወቁ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጋፊርም ዛሬ አለ፣ ነገ ይባረራል። ዛፉ የት ይሄዳል?»

ሙሉቀን ቁልፉን ጨብጦ ትንሽ አሰበ። «ማግኘትዎን እኔ በምን አውቃለሁ፣ አባዬ?»

ጋሽ ይርዳው የተከፈተውን ኮታቸውን በመርፌ ቁልፍ አያያዙት። «ይህችን ሳጥኑ ውስጥ እተውልሃለሁ» አሉ መርፌዋን እየነኩ። «ቁልፉ ከመጣ እሷ ምን ትሠራልኛለች?»

ልጁ ጉልበታቸውን ሳመ። በሩን ከፍተው ሸኙት፤ ጥግ እስኪታጠፍ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዳም ጨዋታ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የባሕሪውን ሳጥን ግንባታ ዋጠው። የአርካዊቱን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። የኒሙ ብቻ ቀረ። በየዓርቡ እንወርዳለን፤ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ቅጠሏ እንደተገለበጠች ጠውልጋ ትገኛለች፤ ይከፍታሉ፤ የባለ ሞተሩ ከረሜላ፣ የማዳም እርሳስ፣ ዓይኗ የጠፋ አሻንጉሊት። ቁልፍ የለም። አዲስ ቅጠል ይቀነጥባሉ። ወደ ቤት ስንመለስ «ይመጣል ብለው ያስባሉ?» ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸዋለሁ።

«የት ይሄዳል?» አሉኝ። የጠየቅኳቸው ስለ ቁልፉ ይሁን ስለ ልጁ እኔም አላውቅም።

ያ ቀን የመጣው የዝናቡ ወራት ላይ ነው። አባይ ሞልቶ፣ የአገራችንን አፈር ተሸክሞ፣ ከኒሙ ሥር ደርሶ ይጋፋ ነበር። ሸክላ የሚያቃጥሉት ሰዎች ውሃው አባሯቸው ስለሄዱ ዳርቻው ላይ ሰው አልነበረም። ኒሙ ፍሬው በስሏል፤ እየበጠሰ ወደ ውሃው ይጥላል።

ሥሩ ላይ የእግር ዱካ አየሁ። ባዶ እግር፣ እርጥብ፣ ከውሃው ወደ ዛፉ የወጣ። የሚመለስ ዱካ አላየሁም። ዓሣ አጥማጅ ይሆናል አልኩ በልቤ፤ ልጠቁማቸውም አልፈለግሁም። እሳቸው ግን አይተውታል። ኳ ኳ አደረጉ፤ ከወትሮው ቀስ ብለው። እጃቸውን ሰደዱና ቆሙ።

«ገነቴ» አሉ። «ቅጠሏ የለችም።»

ከዚያ ሁሉ ዓርብ በኋላ ቅጠሏ ስትጠፋ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሳጥኑን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አወጡት። ፕላስቲኩ የስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ ነው፤ ደርቋል። ክዳኑን ሲጫኑት ጥግ ላይ ተሰነጠቀ፤ ድንጋጤው እጃቸውን ገፋው፤ ሳጥኑ አመለጣቸው። ሥሩ ላይ ነጥሮ ተከፈተ። ከረሜላው ወዲህ፣ አሻንጉሊቷ ወዲያ። እርሳሱን በእግሬ አቆምኩት። አንድ ትንሽ ነገር ግን ከሁሉ ተለይቶ በሥሮቹ መካከል ተንከባለለና ውሃ ውስጥ ገባ።

ጠብ አለ።

ጋሽ ይርዳው በግንባራቸው ተደፍተው እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ውሃው ውስጥ ነከሩት። ኮቱን ከኋላ ባልይዘው ኖሮ አብረው ይሄዱ ነበር። ጭቃ ጨብጠው አወጡ፣ ፈተሹ፣ ደግመው ነከሩ። ወንዙ ይሄዳል፤ ምንም አልነበረም።

«አየሽው?»

«አላየሁትም። ሲገባ ሰማሁት እንጂ።»

«ምን ይመስላል ድምፁ?»

«ጠብ ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ከላያችን አንድ የኒም ፍሬ ተበጥሶ ውሃው ላይ ወደቀ። ጠብ አለ። ጋሽ ይርዳው አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም።

ሳጥኑን ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎ አዲስ ይገዛ ነበር፤ ሱቅ ሙሉ ነው። እሳቸው ቢላዋ ከሰል ላይ አግለው፣ የተሰነጠቀውን እያቀለጡ አጣበቁት፤ ከሌላ ፕላስቲክ ቆርጠው ለጠፉበት፤ በጎማ ክር ጠፈሩት። ጄሪካን የሚጠግኑ ሰዎች እንደሚያደርጉት ነው። «ልጁ የሚያውቀው ሰማያዊ ክዳኑን ነው» አሉኝ። ጠባሳው እያለበት መልሰው አስቀመጡት፤ ቅጠሏንም ገለበጡ።

በሚቀጥለው ዓርብ ያደረጉትን ግን አልጠበቅሁም። ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው ከኮታቸው ሌላ ቁልፍ በምላጭ ቆረጡ። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በጣታቸው ዝም አሰኙኝና ቁልፉን በሥሮቹ መካከል ለቀቁት።

ጠብ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ የኒም ፍሬ አንስተው ከዚያው ቦታ ለቀቁ። ጠብ።

«የቱ ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱም ያው ነው፣ ጋሽ ይርዳው።»

«ያው አይደለም። አንዱ ልጄ ነው።»

ያን ክረምት ኮታቸው ቁልፍ በቁልፍ ወንዝ ገባ። በየዓርቡ አንድ ይቆርጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ያዳምጣሉ። አንድ ሳምንት «ቁልፉ ነበር፤ ልጁ ደርሷል» ብለው ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሲስቁ ይውላሉ። በሌላው ሳምንት «ፍሬ ነው» ብለው ምግብ አይቀምሱም። እኔ ተቆጣኋቸው፣ ለመንኳቸው፣ አንድ ጊዜም እጃቸውን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁም። ወደ ጎርፍ ውሃ ያዘነበለ ሰው፣ ወንዙ መልስ እንዲሰጠው የሚጠብቅ ሰው፣ እያዩት የሚችሉት ነገር አይደለም። የመጨረሻው ቁልፍ ሲያልቅ መርፌ ቁልፏ ብቻ ኮቱ ላይ ቀረች። እሷን አልነኳትም።

«እሷማ የእሱ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። እኔ አግብቼ ወደ ባሕሪ ተሻገርኩ፤ ዓርብ ሲመቸኝ እየመጣሁ አብሬያቸው እወርዳለሁ። ኮቱ አሁን ክፍት ነው፤ በአንዲት መርፌ ቁልፍ፣ ቀዳዳዋ አጠገብ፣ ደረታቸው ላይ ተያይዟል። ስለዚያ ድምፅ ማውራት ትተዋል። ማንኳኳቱን፣ ቅጠሏን፣ ከፍቶ ማየቱን ግን አልተዉም። ዳቦ ለማግኘት ሰው በየመጋገሪያው ደጃፍ መሰለፍ በጀመረበት ብርድ ሳንባቸው ታመመ። ሆስፒታል ቀን እኔ፣ ሌሊት ናስር አጠገባቸው ሰነበትን፤ እሳቸው ተኝተው፣ እኔ እሳቸውን ሳስታምም፣ ወደ ዛፉ የወረደ የለም።

እንግዲህ ናስር ኮቱን ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ራክሻዋ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። የእሳቸው ሽታ ነበረው፣ አመድና ትንባሆ። መርፌና ክር ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ድልድዩን ተሻግረን ማንሺያ ስንደርስ ናስርን አስፋልቱ ላይ እንዲጠብቀኝ ነግሬ ብቻዬን ቁልቁል ወረድኩ።

ወንዙ ጎድሎ ከዛፉ ርቋል። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በኒሙ ላይ አንድ ፍሬ የለም። ግንዱን ኳ ኳ አደረግሁ፤ ሳላስበው። እጄን ሰደድኩ።

ክዳኑ ላይ ቅጠል ነበረች። ጀርባዋ ወደ ላይ። ለጋ፣ አረንጓዴ፣ ያን ቀን የተቀነጠበች።

አንስቼ አየኋት። እሳቸው ሳምንታት ከአልጋ አልወረዱም። እኔ አልመጣሁም። ቅጠል መገልበጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሳጥኑን አወጣሁ፤ የለጠፉበት ጠባሳ መዳፌን ቧጠጠኝ። ከፈትኩት። ከረሜላው፣ እርሳሱ፣ ዓይን የሌላት አሻንጉሊት። በመካከላቸው የናስ ቁልፍ።

ጠርዙ አረንጓዴ ዝጓል። ከጀርባው ጥፍር የምታህል የካኪ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። ኮቱን መሬት ላይ ዘረጋሁና ጨርቋን ቀዳዳው ላይ አደረግኋት፤ ልክክ አለች። ቁልፉ እርጥብ ነበር። ዙሪያው ደረቅ፣ ሳጥኑ ደረቅ፣ እሱ ብቻ እርጥብ።

ናስርን ጠራሁት። «ሰው አይተሃል? ወደዚህ የወረደ፣ የወጣ?»

«ማፊ ዙል» አለኝ ከላይ። «ማንም የለም። ምን ሆንሽ? ፊትሽ ነጭ ሆነ።»

«ምንም አልሆንኩ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። አሮጌውን ክር በጥርሴ በጥሼ ስተፋ ምላሴ ላይ ጨው ቀረ። ላብ ነው አልኩ። ረጅም መንገድ የመጣ ሰው መዳፉን ያልበዋል። የባሕር ውሃም ጨው እንዳለው አውቃለሁ፤ ልጆቹ በረሃውን ከጨረሱ በኋላ የሚሻገሩትን ባሕርም አውቃለሁ። የአባይ ውሃ ግን ጨው የለውም። ያን ቀን ወደቀ ብለን ያሰብነው ይህ ከነበረ ማን አወጣው? ካልነበረስ፣ ልጁ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ እግራቸውን ሳይስም እንዴት ተመለሰ? ልቤ ደረቅ ነው የምል ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ መርፌውን ስቼ ጣቴን ደጋግሜ ወጋሁ።

ሰፍቼ ስጨርስ ኮቱን የሚይዝ መርፌ ቁልፍ አላስፈለገም። አውጥቼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት። የወሰደ ይተዋል። ቅጠሏንም ጀርባዋን ወደ ላይ ገልብጬ መለስኩ።

ጋሽ ይርዳውን ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው። ኮቱን ከላይ አለበስኳቸውና ያቺን አንዲት ቁልፍ በገዛ እጄ ቆለፍኩላቸው። ናስር «አሁን አምሮበታል» አለ። አንቱታ አያውቅም፣ ግን እንባው ይወርድ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ብቻዬን ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንኳኳሁ። ቅጠሏ አዲስ ነበረች፣ ጀርባዋ ወደ ላይ። ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ከረሜላው አለ፣ እርሳሱ አለ፣ አሻንጉሊቷ አለች። መርፌ ቁልፏ የለችም።

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው አልነበረም። የምለውን አላዘጋጀሁም፤ ግን ዝም ብሎ መሄድ አልሆነልኝም። ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩና በደህና ድምፅ ተናገርኩ።

«ሙሉቀን፣ ሰምተሃል? አባትህ ኮታቸውን ቆልፈው ነው የሄዱት።»

ከታች፣ ከውሃው፣ ጠብ አለ።

ቀና ብዬ ኒሙን አየሁ። ፍሬ የለውም፤ ወቅቱ አይደለም። ዓሣ ነው አልኩ፣ ጠጠር ነው አልኩ። ሰው ከሆነ ይደግመዋል ብዬ እዚያው ቆምኩ።

ጥቂት ቆይቶ ደገመው።